ሠላሳ ስምንት ሺህ አንድ መቶ አስራ ሰባት

ታርቱ በረዶ ይጥላል፤ ካርሎቫ ሰፈር ተኝቷል፤
የእኔ መስኮት ብቻ በርቷል።
ከምድጃው ጎን፣ ከጫማ ሳጥን የማይሰፋ
አንድ ጥቁር ዲስክ አለ፣ ሌት ተቀን የሚያንኮራፋ፤
ስልሳ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ዜማ አጉርሼዋለሁ።
አርባ ዓመት በሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ሳርም ኖሬያለሁ፤
ጡረታዬም ይኸው ነው፣ ዜማ መልቀም፣ ዜማ መደርደር፣
ለእያንዳንዱ ስም፣ ዓመት፣ ሽፋን ሰጥቶ በተርታ ማሳደር።

ታዲያ ማጫወቻው፣ ያ ሳሎን የተቀመጠው ብርማ ዕቃ፣
ዲስኩን በኔትወርክ ሲያነብ፣ ሲቆጥር፣ ሲቆጥር ቆይቶ፣ በቃ፤
ሠላሳ ስምንት ሺህ አንድ መቶ አስራ ሰባት ላይ ይቆማል።
አይሞት፣ አይድን፤ ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ እሱ ዝም ይላል።
ትናንትም እዚያው። ከትናንት ወዲያም እዚያው።
ድልድይ እንዳየ ግትር በቅሎ፣ ቢለምኑት፣ ቢገፉት፣ ያው።

ኬብሉን ቀየርኩ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤
እስከ መቶ ቆጠርኩ፣ እንደገና አጥፍቼ አበራሁ።
የልጅ ልጄ ራስሙስ ከታሊን፣ "ሶፍትዌሩን አድሰው" አለኝ፤
አደስኩት፤ ሕመሙም ታደሰ።
"እንግዲያው አያቴ፣ ሁሉን ሰርዝና እንደ አዲስ ጀምር።"
ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እኔም አብሬው ስቆጥር
ሻይዬ በረደ፣ እንጨቱ ዐመድ ሆነ፣ ሠላሳ ስምንት ሺህ አንድ መቶ…
ቆመ።

ሙያውን ያስተማረኝ ኤልማር፣ ነፍሱን ይማርና፣
"መስመርህ ላይ ጉርምርምታ ሲገባ አትራገም፤ ለሁለት ክፈል፤
ጉርምርምታው ወዳለበት ሂድ፤ ያንንም ለሁለት ክፈል" ይል ነበር።
ከፈልኩ። ግማሹን ደብቄ የቀረውን አስነበብኩት፤
አለፈ። እንክርዳዱ ከደበቅሁት ወገን ነው፤ አወጣሁት፤
እሱንም ገመስኩት። ጃዞቹ ንጹሕ። ኦርጋኖቹ ንጹሕ።
ሳሬማ ደሴት ሄጄ የቀዳኋቸው ዓሣ አጥማጆች፣ ቢሰክሩም ንጹሕ።
ስምንት ሺህ። አራት ሺህ። ሁለት ሺህ። አንድ ሺህ።
በሦስተኛው ሌሊት አንድ ፎልደር ቀረ፤ ከዚያ አንድ ፋይል ብቻ።

የእህቴ የሌይዳ ስጦታ፤
ባለፈው በጋ ከፓርኑ በፍላሽ የላከችው፣ ከአሮጌ ካሴት ገልብጣ።
ቪልያንዲ፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ መዘምራኑ ሲለማመዱ፣ ማይክ ይዤ የቆምኩበት።
ድምፁ ጤነኛ ነው። የታመመው ስሙ ነው፤ ስም ስጪ ሲላት ኮምፒውተሩ ደብዳቤ የጻፈችበት፦

*ታይቮ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳለ አልሳልኩም ይላል ሳለ አስራ አንድ ሰው ሰምቶታል ወይዘሮ ሄልጂ ሳትቀር መዘመሯን አቁማ ዞር ብላ አይታዋለች ደግመን እንቅዳ ስንለው መብራት ይጠፋል ብሎ እምቢ አለ ስለዚህ ሳሉ ይኸው እስከ ዘላለም*

ገና አልጨረሰችም።

ማሽኑ የሚያነበው ስም እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ፊደል ነው፤
ከዚያ የረዘመ ቂም ሲገጥመው መንገዱ የሚጠፋው።
ማሳጠር ነበረብኝ። ከመጨረሻው ጀመርኩ።
ዘላለምን ሰረዝኩ። መብራቱን ሰረዝኩ።
ወይዘሮ ሄልጂን፣ ይቅርታ ጠይቄ። አስራ አንዱን ምስክሮች በአንድ ጣት።
"አልሳልኩም ይላል" ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ፤ እኔም እንደ ማሽኑ።

ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።
ሠላሳ ሰባት ዓመት የካድኩትን፣
የሌላውን ሰው ትንፋሽ በምላጭ ስቆርጥ የኖርኩት እኔ፣
ሰማሁት፤ ሁለተኛው ስንኝ፣ ሴቶቹ ወደ ላይ ሲወጡ፣
ደረቅ፣ አጭር፣ እንደ ወንበር እግር።

ከስሙ አንድ ቃል አስቀረሁ፦ *ሳለ*።

ማጫወቻው ተንፈስ አለ። አንድ መቶ አስራ ስምንት።
አንድ መቶ አስራ ዘጠኝ።

ፓርኑ ደወልኩ። "ማን ሞተ?" አለች።
"ማንም። ስያለሁ።"
"ታዲያ ሐኪም ቤት ሂድ እንጂ፣ በዚህ ሌሊት…"
"አይ፣ ያኔ። ቪልያንዲ።"
ዝም አለች። ከኋላዬ ማሽኑ ይቆጥራል፤ አርባ ሺህ አለፈ።
"አውቃለሁ" አለች፤ "ጽፌበታለሁ እኮ።"